ማንም ያላየው ባሕር

ኦክቶበር 4

እናቴን ዛሬ ከቪስቢ ሆስፒታል ይዤ መጣሁ። ዳሌዋ ውስጥ የገባው ብረት ጥሩ ይዟል አሉኝ። ሐኪሙ ስለ ጉበቷም ረጅም ወሬ አወራ፤ ልጅ ነው፣ ልጅ ሐኪም ደግሞ ማውራት ይወዳል። ዋናው ዳሌው ነው።

አባቴ ከሞተ በኋላ የገባችበት ቤት ደረጃ ይበዛዋል፤ ስለዚህ እስክትድን እኔ ዘንድ፣ በድሮው ቤታችን፣ ትከርማለች። ችግሩ በእኔ ቤት ክረምቱን ሙሉ የሚሞቀው አንድ ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ ባሕሬ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ በጥንት ዘመን የነበሩ የባሕር እንስሳትን ቅርጽ እየሠራሁ ቀለም እቀባለሁ፤ መደርደሪያው ሞልቷል። የመንደራችን ቅርስ ማኅበር «ከገና በፊት ባለው የአድቬንት ገበያ ቀን ለሕዝብ እናሳያቸው» ስላለኝ አሁን የሚቆሙበትን የባሕር ወለል እየሠራሁላቸው ነው። ይቺ የምንኖርባት የስዊድን ምድር፣ ጎትላንድ፣ ገና ደሴት ሳትሆን፣ በሞቃት ባሕር ውስጥ ኮራሎች፣ ድንጋይ የሚሠሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት፣ የገነቧት ጉብታ በነበረችበት ጊዜ ማለት ነው። ስፋቱ ሁለት ሰው ያስተኛል። የእናቴ አልጋ ከጎኑ ገባ።

መራመጃዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው፣ እማዬ።»

«ውሃው የታለ?»

«ገና ነው።»

«ያ ባለ መቆንጠጫውስ?»

«የባሕር ጊንጥ ይባላል።»

«እኔ ከጊንጥ ጋር አልተኛም።»

«አይዞሽ፣ ከሞተ አራት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል» አልኩ። አፌን በቆረጠው! በእናቴ ጸሎት ቤት ዓለም ከተፈጠረች ስድስት ሺህ ዓመት ነው፤ ጭማሪ የለም።

«እንግዲያው ጭራሽ አልተኛም» አለች።

ነጭ አንሶላ አለበስኩት። አሁን ክፍሉ ውስጥ ሬሳ የተጋደመ ይመስላል። ይኼን መጻፍ አልነበረብኝም።

ኦክቶበር 8

ቸኩያለሁ። ጀሶው ተሰነጠቀ፤ ውሃ አብዝቼበት ነው። እናቴ ሁለት ማንኪያ ድንች ብቻ። መድኃኒቱ ነው ፍላጎቷን የዘጋው። ነርሷ ማይከን ነገ ትመጣለች።

ኦክቶበር 13

እህቴ ሲግኔ ከባሕር ማዶ፣ ከኖርሾፒንግ ከተማ ደወለች።

«እንዴት ናት?»

«ዳሌዋ እየጠገነ ነው።»

«ስለ ዳሌዋ አልጠየቅሁህም፣ ስቱሬ። ሐኪሙ ያለህን ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ጀሶ ሊደርቅብኝ ነው፣ በኋላ እደውልልሻለሁ።»

አልደወልኩም።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ፤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። የቤታችን ደረጃ ሲደርቅ ተራ ግራጫ ድንጋይ ነው። ሲርስ ግን ይገለጣል። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ቀለበቶች ከውስጡ ብቅ ብቅ ይላሉ። የባሕር አበቦች ግንድ ስብርባሪ ናቸው። አበባ ይመስላሉ እንጂ እንስሳት ነበሩ፤ ወለሉን እንደ ሥር ጨብጠው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ውሃው ያመጣላቸውን የሚበሉ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ወድቄ ጥርሴን ሰብሬያለሁ፣ ድንች ልጬበታለሁ፣ የአባቴ ሬሳ ሲወጣ በዚህ ነው ያለፈው። ሁሉ በእነሱ ላይ ነው። የበረቱ ግድግዳ፣ የመቃብሩ አጥር፣ የጸሎት ቤቱ ወለል፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተንበረከከችበት ማለት ነው፣ ሁሉም ያው ባሕር ነው። ባሕር ላይ ቤት ሠርተን፣ ባሕር ውስጥ እየጸለይን፣ በባሕር አጥር ሥር እንቀበራለን።

ይኼን ልነግራት ተነስቼ ገባሁ። ተኝታለች፣ አፏ ተከፍቶ። ትንሽ ሆናለች። ብርድ ልብሱ ትልቅ ስለሆነ ይሆናል። ቆሜ አየኋትና ሳልነግራት ወጣሁ።

ኦክቶበር 20

«ስቱሬ! የዕቃ ማጠቢያ ብሩሹን ምን ነካው? ራሱን ተመልጧል እኮ!»

ከቤቷ ያስመጣችው ብሩሽ ነው። ለባሕር አበቦቹ ክንድ የሚሆን ቀጭን ፀጉር አጥቼ ቆርጬበታለሁ። እውነቱን ነገርኳት።

«ለአውሬ ጺም የእኔን ብሩሽ?»

«ጺም አይደለም፣ ክንድ ነው።»

«የአባትህንም ጺም ክንድ በለው!» አለችና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ከዚያ ጎኗን ይዛ ተቀመጠች። ሳቅ ዳሌ ላይ ይከብዳል።

ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ አጠበብኩላት።

ኦክቶበር 27

ከሱቅ ስመለስ አንሶላው ወለሉ ላይ ነበር። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉብታውን ታያለች። መነጽሯን አድርጋለች፣ ለጸሎት ብቻ የምታደርገውን።

«ወደቀ» አለች።

አራቱም ማዕዘን በወረቀት መያዣ ተይዞ የነበረ አንሶላ ነው።

ቀለሙን ባለፈው ሳምንት ነው የጨረስኩት። ኮራሎቹን በስፖንጅ፣ መጀመሪያ ወይን ጠጅ፣ ከላዩ ሮዝ፣ ጫፍ ጫፉን የእንቁላል አስኳል ቢጫ። እውነተኛ ቀለማቸውን የሚያውቅ ሰው የለም። ድንጋይ ቅርጽ ይጠብቃል እንጂ ቀለም አይጠብቅም።

«ይኼን ቀለም ከየት አመጣኸው?»

«ገመትኩ።»

«ማን አያቸው?»

«ማንን?»

«እነዚህን። ሲኖሩ ማን አያቸው?»

«ማንም። ሰው አልነበረም። የሚያስተውል ዐይን ያለው ፍጡር ገና አልመጣም።»

የጽጌረዳ ፍሬ ሾርባዋ ቀዘቀዘ።

«ማንም» አለች። ቀጥላም፦ «ይኼን ያህል አምሮ?»

አንሶላውን አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ኖቬምበር 3

እናቴ አሁን ጥያቄ አላት። ጠዋት ዐይኗን ስትገልጥ ይጀምራል። ያ ረጅም ባለ ቀንዱ ምንድን ነው? ቀንድ ሳይሆን ቤቱ ነው፤ የስኩዊድ፣ ያ ብዙ ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ፣ ዘመድ ነው፣ ቀጥ ያለ ቅርፊት ውስጥ ይኖራል። ወደ ኋላ ነው የሚዋኘው? አዎ፣ ወደ ኋላ። «እንደ አንተ አውቶቡስ አነዳድ» አለች።

ዛሬ ስለ ኮራሎቹ አንድ ነገር ነገርኳት። ኮራል በየቀኑ አንድ ቀጭን መስመር ያድጋል። የዚያን ዘመን ኮራሎች ላይ መስመሩን የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት መቶ በላይ ቀን አገኙ። ምድር ያኔ በፍጥነት ትዞር ነበር፤ ቀኑ ከእኛ ቀን ያጥር ነበር።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቀኑ ራሱ ሌላ ነበር?»

«ሌላ ነበር።»

«እንግዲህ ስድስት ቀን ሲባል…»

አልጨረሰችውም። እኔም አልጨረስኩላትም። በመስኮቱ ወደ ጸሎት ቤቱ አቅጣጫ ስታይ ቆየች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ያየሁ ዕለት፣ የእኔ ፊት እንዲህ ሳይሆን አልቀረም።

ኖቬምበር 9

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሂልዲንግ እናቴን ሊጠይቁ መጡ። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ።

«እህት አልፍሂልድ፣ ከስቱሬ ዘንዶዎች ጋር ታድሪያለሽ አሉ።»

«ከባሌ ጋር አርባ ዓመት አድሬያለሁ፣ ሂልዲንግ። እነዚህ አያንኮራፉም።»

«ቀልድ አይደለም። ልጅሽ የሚቆጥረው የዘመን ቁጥር ሐሰት ነው።»

«ቁጥሩን ለሱ ተወው። ና፣ ቀረብ ብለህ እየው።»

«አላይም።»

«ማየት ኃጢአት አይደለም።»

«እጸልይልሻለሁ» አሉ፤ ኮፍያቸውን ሲያነሱ ሰማሁ።

«ጸልይልኝ፤ ዐይንህን ግን ገልጠህ።»

ደጃፍ ላይ ስሸኛቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ከስታለች» አሉኝ። ሰው ሲያረጅ ይከሳል አልኳቸው። እሳቸው እናቴን በሁለት ዓመት ይበልጧታል፣ እንደ በሬ ናቸው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

ኖቬምበር 16

መጥፎ ቀን። ለውሃው የገዛሁትን፣ ሲደርቅ መስታወት የሚሆነውን ሙጫ ወጥ ቤት ውስጥ ማሰሮ ላይ ሞከርኩት። ሽታው በበሩ ሥር ገብቶ እናቴን አስመለሳት። እስክትነጣ ድረስ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ያን ጊዜ ደግሞ በረዳት። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ የታመመች እናቱ አጠገብ መርዝ የሚያፈላ።

ማይከን ደረሰች። ከእኔ ጋር የተማረች ናት፣ ልታሞኛት አትችልም።

«ስቱሬ፣ ተቀመጥ እስቲ።»

«እጄ ሙጫ ነው።»

«ሙጫም ይሁን ተቀመጥ። እህትህ ትምጣ።»

«ለገና ትመጣለች።»

«ከገና በፊት ነው የምልህ።»

የገና ሰሞን መርከቡ ስለሚሞላ ነው መሰለኝ። ማይከን አዲስ መርፌም ጀምራላታለች። ለዳሌው ነው።

ኖቬምበር 18

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደወለች። መቼ እንውሰደው? አልደረቀም አልኳት። ያልደረቀ ነገር የለም፤ ሙጫውን ገና አላፈሰስኩትም። ሙጫው ከፈሰሰ ደግሞ እናቴ ከክፍሉ መውጣት አለባት። ከዚህ ክፍል ወጥታ ወዴት? ገበያው ባሕሬን ሳያይ ይለፍ።

ኖቬምበር 24

ሁሉንም ልጽፈው እሞክራለሁ።

እናቴ ጠዋት፣ «ውሃውን ለምን አታፈሰውም?» አለችኝ። ሽታው አልኳት። «ሽታውማ ገደለኝ» አለችና ሁለታችንም ወዲያው ሌላ ወገን አየን።

ከዚያ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ጀልባ ትወጣ ነበር። የጠፋ መረብ ሲፈልጉ የውሃ መነጽር ይጠቀማሉ፤ ባልዲ ነው፣ ቂጡ መስታወት የሆነ። ባሕሩ ላይ ደፍተህ ፊትህን ትከትበታለህ።

«ውሃ ታይቶኝ አያውቅም» አለች። «ከሥር ያለው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ድንጋዩ፣ ሣሩ፣ ዓሣው። ውሃው የለም። ያለው ብርሃን ነው። ብርሃኑ እንደ መረብ ወለሉ ላይ ይሄዳል። አባቴ እግሬን ይዞ ‹ምን ታያለሽ?› ይለኛል፣ እኔ ግን ፊቴን ከባልዲው አላወጣም። እናቴን ረስቼ፣ ራቤን ረስቼ።»

እዚህ ላይ ደከማት። እኔ ግን ተነስቻለሁ። ዓሣ የምጋግርበትን የመስታወት ትሪ አመጣሁ፣ ውሃ ሞላሁበት፣ ከጉብታው በላይ በሁለት ጣውላ ላይ አስቀመጥኩት፣ የእጅ ባትሪውን ከጣሪያው መንጠቆ ላይ አንጠልጥዬ ቁልቁል አበራሁት። መጋረጃውን ዘጋሁ። ምንም አልሆነም፤ ዝም ያለ ክብ ብርሃን።

«ነካ አድርገው» አለች እናቴ።

በጣቴ ጫፍ ነካሁት።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? እንስሳቱ ተነሱ። ብርሃኑ እንደ መረብ ተዘርግቶ በኮራሎቹ ላይ ሄደ፣ በጊንጡ ጀርባ ላይ ወጣ፣ በአበቦቹ ክንድ መሃል አለፈ፣ ክንዶቹ የተወዛወዙ መሰለኝ። በብሩሽ ፀጉር፣ በጀሶ፣ በማሸጊያ ፎም በእጄ የሠራሁት ነው፣ የእያንዳንዱን ዋጋ አውቃለሁ፤ ግን ፈራሁ። ሳይፈቀድልኝ የሰው ቤት በር የከፈትኩ ያህል። አራት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ዐይን ሳያርፍበት የኖረ ነገር ነው፣ እኛ ሁለት ሽማግሎች በመጋረጃ ተሸፍነን የምናየው።

ዘወር ስል ብርሃኑ እናቴ ፊት ላይም ይሄዳል። እያለቀሰች ነበር፤ በደስታ ይሁን በሌላ አልጠየቅኳትም።

«እግዜር ይኼንን ለራሱ ነው የሠራው» አለች። «ለእኛ አይደለም፣ ስቱሬ። እኛን ሳያስብ በፊት። ለብቻው ሊያየው።»

ሙጫውን ለማይከን ሰጠኋት፣ ወደ ቆሻሻ ማስወገጃው እንድትወስደው።

ዲሴምበር 1

ሲግኔ መጣች። እናቴ አስጎበኘቻት። ስሞቹን ሁሉ ለውጣቸዋለች፤ ጊንጡ «ቀረጥ ሰብሳቢው» ሆኗል፣ ትሪሎባይቶቹ፣ እነዚያ ባለ ብዙ እግር ቅርፊታም ትንንሾች፣ «የሰንበት ትምህርት ልጆች»፣ ምክንያቱም በሰልፍ ይሄዳሉ። ሲግኔ እየሳቀች ወደ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች።

ከሰዓት እንጨት ይዤ ስገባ በበሩ በኩል ሰማሁ።

«አልነገርሽውም?» ትላለች ሲግኔ።

«ምኑን ልንገረው? ያውቀዋል» አለች እናቴ። «እጁ ሥራ ይዞ ሲያውቅ ነው የሚቀለው። ከልጅነቱ እንዲያ ነው፣ ተዪው።»

ስለ ገና ስጦታ ይሆናል።

ዲሴምበር 6

ዛሬ አንዲት ዓሣ ራሷ ማስቀመጥ ፈለገች። ትንሿን መረጠች፣ መንገጭላ የሌላትን፣ አፏ ክፍት ሆኖ የቀረባትን። ጣቷ አልጸና አላት፤ ክንዷን ደገፍኩት። ብርሃኑ ወደሚያርፍበት ወደ ፊት ልመራት ስል እጄን ገፋችው። ከትልቁ ኮራል ጀርባ፣ ጥጉ ውስጥ አስገባቻት።

«እማዬ፣ እዚያ እኮ ማንም አያያትም።»

«አውቃለሁ» አለች። «እንደ ቀድሞዋ ትሁን። አንዷ እንኳ ለሱ ትቅርለት።»

ክንዷ ምንም አይከብድም። የወፍ ያህል።

ዲሴምበር 11

በረዶ ጣለ። ማይከን ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበረች። ብሩሾቹን አጠብኩ። እንደገና አጠብኩ።

ዲሴምበር 13

የሉሲያ በዓል ነው፤ ልጆቹ ሻማ ይዘው እየዘፈኑ በመንገዱ አለፉ፣ እኛ በር ላይ ግን ዝም አሉ። ሰምተዋል ማለት ነው።

እናቴ ከትናንት ወዲያ አረፈች። ሲግኔ አንድ እጇን፣ እኔ አንዱን ይዘን። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር፣ ራሷ ናት ዝጉልኝ ያለችው። ማይከን በእግር ጣቷ ስትመላለስ ወለሉ ይነቃነቃል፣ ትሪው ይነቃነቃል፣ ባሕሩ ሙሉ ይሄዳል። የመጨረሻ ትንፋሿን ከብርሃኑ ለይቼ መናገር አልችልም።

ሐኪሙ በኦክቶበር የነገረኝን እጽፈዋለሁ፤ ለራሴም ቢሆን። «ለገና ላትደርስ ትችላለች» ነው ያለኝ። ጆሮዬ ሰምቷል። ወደ ቤት ስነዳ ከጎኔ ተቀምጣ ስለ ድንች ዋጋ ታወራ ነበር፣ እኔም ስለ ድንች ዋጋ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በዳሌ አሳበብኩ። ሲግኔን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሞኝ» አለችኝና ራሴን ደባበሰችኝ።

ዲሴምበር 20

ዛሬ ቀበርናት። መሬቱ በረዶ ይዞ ስለነበር ቆፋሪዎቹ ተቸግረዋል፤ ከጉድጓዱ ጫፍ የወጣውን ነጭ ድንጋይ አየሁት፣ ቀለበት በቀለበት ነው። ሞቅ አለኝ። እንግዳ አገር አልገባችም።

ለቀብር ቡናው የጸሎት ቤቱ ሰዎች እኛ ዘንድ መጡ። ሲግኔ ሳፍሮን የሚባል ቢጫ ቅመም ያለበት ኬክ ጋግራለች። ሰው ሁሉ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተጨናንቆ በዝግታ ሲያወራ ሽማግሌው ሂልዲንግን አጣኋቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ እናቴ ክፍል በር ላይ ቆመዋል። አልጋው ወጥቷል። ባሕሩ ብቻ ነው ያለው፣ ባትሪው እንደበራ።

«ቁጥሩ ስንት ነው ያልከው?» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ነገርኳቸው።

«እሷ አመነችህ?»

«አላመነችኝም። ‹መቁጠር ድሮም አትችልም› ነው ያለችኝ።»

ጥቂት ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ታዲያ ምን ይታያት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ?»

ያለችውን ነገርኳቸው። ለራሱ ነው የሠራው፣ እኛን ሳያስብ በፊት፣ ለብቻው ሊያየው።

አንድ እርምጃ ገቡ። ከባድ ሰው ናቸው፤ ወለሉ ተነቃነቀ፣ ብርሃኑም ከአንዱ ጫፍ እስከ አንዱ ጫፍ ተንሰራፍቶ በኮራሉ፣ በጊንጡ፣ በሳቸውም ጥቁር ኮት ላይ አለፈ። ወደ ኋላ ሊሉ ነው ብዬ ነበር። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

ሲግኔ መጥታ፣ «ቡናዎ ቀዘቀዘ እኮ» አለቻቸው።

«ቆዪ» አሉ፤ ዐይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሱ። «ቆዪ እስቲ፣ ልጄ።»